የመጀመሪያው መልስ

ሳን ሆዜ ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ በጎማ መጋዘንና በአናጢ ቤት መሐል አንድ የብረት ሥራ ሾፕ አለ። ከውጭ ሲያዩት ምንም አይመስልም፤ የቆርቆሮ ግድግዳ፣ ሁልጊዜ እስከ ግማሽ የተከፈተ የጭነት በር። ከውስጥ ግን ለሕክምና መሣሪያና ለቺፕ ማምረቻ ማሽኖች የሚገቡ ዕቃዎች ይሠሩበታል። አንዳንዱ ዕቃ ጥፍር አያክልም፣ አንዳንዱን ሁለት ሰው ነው የሚያነሣው። ዘነቡ እዚያ ነበረች።

መጀመሪያ የሰጧት ሥራ ሞረድ ነው። ከማሽን የወጣ ብረት ጠርዙ እጅ ይቆርጣል፤ ያንን ጠርዝ ቁጭ ብሎ መፋቅ፣ ማለስለስ። ከሾፑ ሥራ ሁሉ የመጨረሻው ይኸ ነው። የብረት ብናኝ አፍንጫ ውስጥ ይገባል፣ ማታ ሲናፈጡ ጥቁር ይወጣል። ዘነቡ ግን አላማረረችም። ከዚያ በፊት በርክሌ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሰው ስታገላብጥ ነበር የኖረችው። አገሯ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ብረታ ብረት ተምራ፣ አቃቂ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ብረት እያሽከረከረ በሚቀርጸው ማሽን፣ በቶርኖ ላይ ሠርታለች። ዲቪ ደርሷት ስትመጣ ዲፕሎማዋን ፕላስቲክ አልብሳ ነው የያዘችው። የጠየቃት የለም። "ቶርኖ ላይ ነበርኩ" ስትል ሰዉ "ጎበዝ!" ይላትና የነርስ ረዳት ኮርስ የሚሰጥበትን አድራሻ ይነግራታል።

ቶርኖ ስትል ጆሮውን ያቆመ የመጀመሪያው ሰው ዘርኡ ነው። የተገናኙት ኦክላንድ፣ ለቅሶ ቤት፣ ጎን ለጎን በታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። ዘርኡ አሥመራ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ፣ ዕድሜውን በሙሉ ፍሬዛ በሚባለው የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ የቆመ፣ ስልሳውን ያለፈ ሰው ነው።

"ስንት ሜትር ቶርኖ ነበር?" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ባለ ሦስት።"

"የማን ሥራ?"

"የቼኮች። ያረጀ ነበር ጋሼ፣ ግን ልኩን አይስትም።"

"እንደኔ ነዋ!" አለና ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቶ ሳቀ። በሳምንቱ የሾፑ ባለቤት ቪክተር ፊት አቆማት። "ዋስ ነኝ" አለው። ቪክተር ዋስ ምን እንደሆነ ባይገባውም ቀጠራት።

በዚህ ዓይነት ዘነቡ የዘርኡ ውለታ አለባት። ይኸ መያዝ አለበት፤ በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ሌላም መያዝ ያለበት ነገር አለ። ሾፑ ውስጥ ያለው ማይክሮዌቭ አንድ ነው። ምሳ ሰዓት ሁለቱም ሳህናቸውን ይዘው ፊቱ ይቆማሉ።

"ጋሽ ዘርኡ ይቅደሙ።"

"ኧረ አንቺ ቅደሚ።"

"ኧረ በፍጹም! እርስዎ ቆመው?"

"በኣኸዛ ሞት!" ይላል፤ ኣኸዛ ሚስቱ ናት።

"እግዜር ያኑርልዎ እሷን፣ ግን አልቀድምም።"

ሦስተኛው ዙር ላይ አንዳቸው ይሸነፋሉ፤ ወጉ እንደዚህ ነው፣ የሁለቱም እናት ያሳደገቻቸው በዚህ ነው። ብዙ ቀን ግን ሦስተኛው ዙር አይደርስም። ቪክተር ከቢሮው ይወጣል፣ ሁለት ሰው ቆሞ ሲጨዋወት ያያል፣ ማይክሮዌቩ ባዶ ነው፣ ቡሪቶውን ይከትና ይዘጋዋል። "ታንክ ዩ ጋይስ" ይላል። እነሱም ይስቃሉ። ይህን ሳቅ ቆም ብለው ሊያስቡበት ይገባ ነበር።

ከዚያ ሥራው ቀዘቀዘ። ሾፑን በእግሩ ያቆመው ትልቁ ደንበኛ ትእዛዙን ወደ ውጭ አገር አዞረ። ቪክተር የአባቱን ሁለት አሮጌ ፍሬዛዎች ለመሸጥ ወሰነና በእነሱ ፋንታ አንድ የብረት ስሪዲ ፕሪንተር ገዛ፤ ያውም ያገለገለ። ስሙ ፕሪንተር ይባል እንጂ ወረቀት አያውቅም። እንደ ፊኖ ዱቄት የላመ ብረት አለው፤ አንድ ቢላ ዱቄቱን በስሱ ይደለድላል፣ ሌዘር የተፈለገውን ቦታ ብቻ ያቀልጣል፣ ቢላው እንደገና ይደለድላል። እንዲህ እየተነባበረ ዕቃው ከታች ወደ ላይ ያድጋል። ማሽኑን የሚያውቅ ሰው ግን ሾፑ ውስጥ አልነበረም። ለአነስተኛና ለመካከለኛ አምራቾች ሠራተኞች የሚሰጥ ሥልጠና ኦክላንድ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ተከፍቶ ስለነበር፣ ቪክተር ሁለት ሰው አስመዘገበ፤ ዘርኡን በዕድሜው፣ ዘነቡን ደግሞ "እኔም ልሂድ" ብላ ስለጠየቀች።

ከመሄዳቸው በፊት አንድ ነገር አልደበቃቸውም። "ከሁለታችሁ አንዳችሁ ማሽኑን ትይዛላችሁ። ለሌላችሁ ግን ቦታ የሚኖረኝ አይመስለኝም።"

ቅዳሜ ቅዳሜ ዘነቡ ከቤሪየሳ በባቡር ትሄዳለች፣ ዘርኡ ኦክላንድ ጣቢያ በመኪናው ይቀበላታል። የሚማሩት ከትንንሽ ሾፖች የመጡ ሰዎች ናቸው። የጥርስ ላብራቶሪ ያለው አለ፣ የብስክሌት ክፍል የሚሠራ አለ። አስተማሪዋ ሚስ ዶውሊንግ ፀጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች፣ ጥያቄ የምትወድ ሴት ናት። ማንም እጁን ካላወጣ ትምህርቱን አትቀጥልም።

ዘነቡ የመጀመሪያው ቀን ዱቄቱን በመስተዋቱ በኩል አየችና ልቧ ደነገጠ። ሌላ ነገር አይደለም፤ ሙያ ሲመለስ እንደዚያ ነው። ማታ ማታ ልጇን መቅደስን ኮምፒውተሩን እየነጠቀች፣ ዕቃው በየትኛው ጎኑ ቢተኛ አብሮት የሚታተመው ድጋፍ እንደሚያንስ ትሞክራለች። ዱቄት እርጥበት ሲነካው እንዴት እንደሚጓጉል፣ ማሽኑ ውስጥ የሚሞላው ጋዝ ሲያንስ ብረቱ ምን ቀለም እንደሚያመጣ፣ ማጣሪያው ሲሞላ ድምፁ እንዴት እንደሚቀየር ለየች። መጦሪያ ቤት የሰው ትንፋሽ ስታዳምጥ የኖረች ሰው ናት፤ ማሽን ማዳመጥ አልከበዳትም።

ዘርኡ ግን ማሽኑን ናቀው።

"ብየዳ ነው እኮ ይኸ። ምን አዲስ ነገር አለው? ብየዳ በዱቄት።"

"ብየዳስ ብየዳ ነው ጋሼ። ግን ብየዳ በብየዳ ላይ ሲደራረብ ውስጡ ይወጣጠራል። እርስዎ ያውቁታል፣ ረዥም ቆርቆሮ ሲበየድ ይጣመም የለ?"

"ረዥም ቆርቆሮማ ሳታሥሪው ስለበየድሽ ነው።"

"እሱንስ ልክ ነዎት።" ሁሌም "ልክ ነዎት" ላይ ነው የምታቆመው።

መፈተኛው ሥራ ለሁለት ለሁለት ነበር። ቅንፍ የሚሉትን አንድ የብረት መያዣ አትመው፣ ከተጣበቀበት የብረት ሰሌዳ ጋር እቶን አግብተው፣ ውጥረቱ ከለቀቀ በኋላ ከሰሌዳው መቁረጥ። ዘነቡ የጓንት ሳጥን ልታመጣ ወጣ አለች። ስትመለስ ዘርኡ ቅንፉን በመጋዝ እየቆረጠው ነው። እቶን አልገባም። ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲቆርጥ የኖረ ሰው፣ የተሠራ ዕቃ ፊቱ ተቀምጦ እቶን መጠበቅ አልሆነለትም። "ጋሼ" ልትል አፏን ከፈተች። አጠገባቸው የጥርሱ ሰውዬና ሌሎችም ቆመዋል። ሰው ፊት ማረም አልሆነላትም፤ አፏን ዘጋች። መጋዙ ጫፉን ሲለቅ ቅንፉ እንደ ደረቀ ቆዳ ጥቅልል አለ።

ሚስ ዶውሊንግ አንሥታ አየችው። "እቶን ሳይገባ ማነው የቆረጠው?"

ዘርኡ መሬት መሬት አየ።

"አብረን ነን" አለች ዘነቡ። "ረሳነው።"

አስተማሪዋ ዘነቡን ረጅም ጊዜ አየቻት። ወደ ጣቢያ ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ዘርኡ ሬዲዮውን ዘጋ።

"ለምን እንደዚያ አልሽ?"

"ታዲያ ምን ልበል ጋሼ?"

"ሓፍተይ፣ እኅቴ፣ ይኸ ነገር ያንቺ ነው። እኔ አርጅቻለሁ። ቪክተር ሲጠይቅ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ፣ እሷ ትያዘው እላለሁ።"

"ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ እያሉ!"

"ነገርኩሽ። ያንቺ ነው።"

ዘነቡ ይህንን ንግግር ይዛ ባቡር ገባች። ማይክሮዌቩ ፊት "አንቺ ቅደሚ" ይል የነበረው ይኸው አፍ መሆኑ በዚያን ቀን አልታያትም።

ሥልጠናው አለቀ። ቪክተር ሚስ ዶውሊንግን በስልክ አግኝቶ እንደነበር ሾፑ ውስጥ ተሰማ። ዘነቡ ከሚልፒታስ እስከ ሥራዋ አውቶቡስ ውስጥ መልሷን ተለማመደች፤ "የስ፣ ታንክ ዩ፣ አይ ዊል ቴክ ኢት።" ለብቻዋ ቢጠራት ኖሮ እንደዚያው ትል ነበር። ቪክተር ግን ሁለቱንም አንድ ላይ ጠራ። ግልጽነት የሚባል ነገር ይወዳል፤ ከኋላ መነጋገር አይወድም።

ዘርኡ ቆመ፣ ዘነቡም ከጎኑ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ቆመች።

"ዘነቡ፣ ማሽኑን አንቺ እንድትይዢልኝ እፈልጋለሁ" አለ ቪክተር። "ምን ትያለሽ?"

ዘርኡ ነበር እዚያ የቆመው። ዋስ የሆነላት ሰው። የኣኸዛ ባል፤ ኣኸዛ በሳምንት ሦስቴ ኩላሊቷን የምታሳጥብ፣ ኢንሹራንሷም በዚሁ ሾፕ በኩል የሆነ። የዘነቡ አፍ በገዛ ራሱ ተከፈተ።

"ዘርኡ ታላቄ ነው። እሱ ይቅደም።"

ቪክተር ግንባሩን ቋጠረ። "እርግጠኛ ነሽ? እኔ የጠየቅኩት አንቺን ነው።"

ይኸ ሁለተኛው ዙር ነው። በሁለተኛው ዙር እሺ የሚል የለም፤ እሺ ቢል ሆዳም ይባላል። አሁን የዘርኡ ተራ ነው፣ "ኧረ በፍጹም፣ እሷ ናት" የሚልበት።

"እርግጠኛ ነኝ" አለች። ወደ ዘርኡ ዞራ ጠበቀች።

ቪክተርም ወደ እሱ ዞረ። "ዘርኡ፣ ትይዘዋለህ?"

ዘርኡ እጁን አየ። ግራ አውራ ጣቱ ላይ የድሮ የፍሬዛ ጠባሳ አለ፣ እሱን በቀኝ እጁ አሸት አሸት አደረገው። ዘነቡ ቃሉ አፉ ላይ እንደደረሰ አየች፤ እንዳልወጣም አየች።

"ኦኬ" አለ ዘርኡ።

"ኦኬ" አለ ቪክተር። ሁለቱንም ጨበጣቸው። ይኸው ነው።

ቤት ስትገባ መቅደስ ሶፋው ላይ እግሯን ሰቅላ ስልኳን ታያለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አማርኛውን ሁሉ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን እንግሊዝኛ እየደባለቀች ነው። ዘነቡ ጫማዋን ሳታወልቅ ነገረቻት።

"ዌይት። ሥራውን ሰጠሽ፣ ኤንድ ዩ ሴድ ኖ?"

"ኖ አላልኩም።"

"ማም! ቱዋይስ ብለሻል፣ አሁን ነገርሽኝ!"

"ወግ ነው መቅዲ። እሱ እኮ መመለስ ነበረበት።"

"ሂ ዲድንት። ሶ ጎ ኤንድ ቴል ዘ ጋይ።" ሶፋው ላይ ተነሥታ ተቀመጠች። "ቱሞሮው። ፈርስት ቲንግ።"

ልጅ ካወቀበት መስማት ነው። በማግስቱ ዘነቡ የቪክተርን በር አንኳኳች። ቀድማ የማታውቀውን ያህል እንግሊዝኛ ተናገረች። ማሽኑን እንደምትፈልገው፣ ትናንት ያለችው እምቢታ አለመሆኑን፣ አገሯ ውስጥ ሰዎች አንድ ነገር ሲሰጣቸው መጀመሪያ ለታላቅ እንደሚያሳልፉ፣ ታላቁ እንደሚመልስ፣ ከዚያ በኋላ እንደሚቀበሉ።

ቪክተር አቋርጦ አላስቆማትም። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲሰማ ጨርሶ ነው የሚሰማው።

"እና እውነተኛው መልስ ስንተኛው ነው?"

"ሦስተኛው።"

"እኔ ሁለቴ ጠየቅኩሽ።"

"አዎ።"

"ዘነቡ፣ ማንንም ሰው ሁለቴ ጠይቄ አላውቅም። ሁለተኛው ራሱ ላንቺ ብዬ ነው።" ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። "የዘርኡን ስም ለአዲሱ ደንበኛ ትናንት ላክሁ። ዘርኡም ለሚስቱ ነግሯታል፣ ጠዋት ደውላ አልቅሳ አመሰገነችኝ። አሁን ሄጄ ምን ልበለው?"

ኣኸዛ አልቅሳ ከሆነ ነገሩ አብቅቷል። የኣኸዛን ኢንሹራንስ አስቀርታ የምትይዘው ማሽን የለም።

የመጨረሻዋ ቀን ዶናት ገዙላት፤ ሮዝ ሳጥን፣ የወረቀት ናፕኪን። ሁሉም መጣ። ዘርኡ ብቻ ከማሽኑ ክፍል አልወጣም፤ ጋዝ እየሞላ ነው አሉ። ጋዙን እኮ የሚሞላው ማሽኑ ራሱ ነው። ዘነቡ የብረት መለኪያዋን፣ ካሊብሮዋን፣ በጨርቅ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች።

ሌላ ሾፕ ሞከረች። የሥልጠናውን ሰርተፊኬት አሳየች፣ "ስንት ዓመት ማሽኑን ሠርተሽበታል?" ይሏታል። ሥልጠና አለሽ ልምድ የለሽም፣ ልምዱን የምታገኚበት ቦታ ደግሞ አንድ ነበር፣ እሱን ሰጥተሻል። ይህን የመጨረሻውን እነሱ አይሉም፤ እሷው ናት የምትጨምረው። በኤጀንሲ በኩል ሚልፒታስ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ገባች። በማይክሮስኮፕ ሥር ትንንሽ ሰሌዳ ላይ የተበየደውን መቆጣጠር ነው። ወንበሩ ጥሩ ነው። ጥቅማ ጥቅም የለውም።

ስልኩ የጀመረው በሁለተኛው ሳምንት ነው።

"ዘነብዬ፣ እንዴት ነሽ? መቅደስ ደኅና ናት?"

"ደኅና ነን ጋሼ። ወይዘሮ ኣኸዛስ?"

"ይመስገን። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ዱቄቱ ላይ መስመር መስመር ይሠራል።"

"ቢላው ተጎድቶ ነው። ይቀይሩት። ሲቀይሩ ደግሞ ዱቄቱን መልሰው ይንፉት።"

"ተባረኪ!"

እንደዚያ ቀጠለ። አንድ ቀን ማጣሪያ፣ አንድ ቀን ድጋፉ አልላቀቅ ያለ ዕቃ፣ አንድ ቀን ቀለሙ ሰማያዊ የሆነ ቅንፍ። ዘነቡ በምሳ ሰዓቷ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆማ ትመልሳለች። ሾፑ ከዘርኡ ጀርባ ይሰማታል፤ የአየር መጭመቂያው፣ የጭነት በሩ፣ የቪክተር ሳቅ። ቪክተር በዘርኡ ደስተኛ ነው አሉ። ለምን አይሆን? አንድ ደመወዝ እየከፈለ ሁለት ሰው ያሠራል፤ ይኸን ግን እሱም አያውቅ።

"ለምን ታነሺለታለሽ?" ትላታለች መቅደስ። ይችን እንኳን ሙሉ በሙሉ በአማርኛ ነው ያለቻት።

"ሚስቱ ታማለች።"

"ዩ አር ቱ ናይስ።"

ደግነት አልነበረም። ስልኩ ሲጮኽ ለጥቂት ደቂቃ ማሽኑ የሷ ይሆናል፤ ለዚያ ነው። ይህንን ለልጅ አይነግሩትም።

አንድ ጊዜ ብቻ ዘርኡ ጥያቄውን ጨርሶ ስልኩን ይዞ ቆየ። አልዘጋውም።

"ዘነቡ…"

"አቤት ጋሼ።"

ጀርባው ላይ መጭመቂያው ተነሣ፣ ጮኸ፣ ቆመ።

"ማጣሪያው ሲወጣ ውኃ ውስጥ ነው ያልሽኝ ወይስ አሸዋ?"

"አይድረቅ ብቻ። ደረቁን አይንኩት፣ እሳት ይነሣል።"

"እሺ። ተባረኪ።"

ፋብሪካው ውስጥ ወሬ ነበር፤ ከኤጀንሲ ወጥቶ ቋሚ የሚሆን አንድ ሰው ይፈልጋሉ የሚል። ከዘነቡ አጠገብ የምትቀመጠው እትዬ የወርቅውሃ ናት፤ ወደ ስልሳ የተጠጋች፣ ከሁሉም በፊት እዚያ የገባች፣ ከረሜላ ለሁሉም የምታድል ሴት። ቋሚነቱ በዕድሜም በአገልግሎትም ለእሷ ይገባ ነበር። ዘነቡ ይህን አስባበታለች። አስባም ወስናለች። ሱፐርቫይዘሩ ማስታወሻ ሰሌዳውን ይዞ በመደዳው መሐል ሲመጣ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አነሣች።

"ጋይስ፣ አንድ ሰው እፈልጋለሁ—"

"ሚ!" አለች ዘነቡ። እጇም አብሮ ወጣ።

"ግሬት" አለ ሰውዬው፤ ጻፈ። "—ለእሁድ ፈረቃ። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ፣ በየሳምንቱ።"

እትዬ የወርቅውሃ መነጽሯን ወደ ታች ዝቅ አድርጋ አየቻት።

"ምነው ልጄ፣ ሰውየው እኮ ገና አልጨረሰም ነበር።"

እሁድ ዘነቡና መቅደስ አብረው የሚውሉበት ብቸኛው ቀን ነው። ሱፐርቫይዘሩ መደዳውን አልፎ ሄዷል። ተከትላው ልትሄድ ከወንበሯ ግማሽ ያህል ተነሣች፤ ከዚያ የቪክተር በር ትዝ አላት። ተቀመጠች።

ምሳ ሰዓት ስልኳ ጮኸ።

"ዘነብዬ፣ መቅደስ ደኅና ናት?"

"ደኅና ናት።"

"ይመስገን። እኔ የምልሽ፣ ማሽኑ እየከዳኝ ነው። እሁድ ሾፑ ባዶ ነው፣ መጥተሽ አንዴ ብታይልኝስ? እኔው መጥቼ እወስድሻለሁ።"

"እሁድ እሠራለሁ ጋሽ ዘርኡ። አልችልም።"

"ኧረ ለአንድ ሰዓት ብቻ!" አለ እንደ ወጉ። "ኣኸዛም ሰላም ልትልሽ ትፈልጋለች።"

"አልችልም።"

"ኧረ በእግዚአብሔር፣ ዘነቡ—"

ሦስተኛውን ዙር አልጠበቀችም። ስልኩን ዘጋችና ወደ ማይክሮስኮፑ ተመለሰች።